አያ ሶፍያ፦ ከታች ሶላት፣ ከላይ ጎብኚ

ቤተ ክርስቲያን ሆና የተሠራችው፣ ዛሬ መስጊድ የሆነችው አያ ሶፍያ ያለችው ኢስታንቡል፣ ሱልጣን አህመት ሰፈር ነው። ለሸቀጥ ላሌሊ ለሚመላለሱ ነጋዴዎቻችን ከገበያው በትራም ሦስት ፌርማታ ብቻ ናት። ሻንጣው ሳይሞላ በፊት ግማሽ ቀን ቢሰጧት አይቆጫቸውም።

ያሠራት የቢዛንታይኑ ንጉሠ ነገሥት ዮስቲንያኖስ ነው። በ532 (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ዋና ከተማው፣ የዛሬዋ ኢስታንቡል ላይ አመፅ ተነስቶ፣ በቦታው የነበረችው ቤተ ክርስቲያን ተቃጠለች። አዲሷ በዲሴምበር 537 ተመረቀች። ያን የሚያህል ሕንፃ ስድስት ዓመት እንኳ አልፈጀም! ስሟ በግሪክኛ «ቅድስት ጥበብ» ማለት ነው። ንጉሡም ለእኛ እንግዳ አይደለም። ለአክሱሙ አፄ ካሌብ መልእክተኛ ልኮ፣ የሐር ንግዱን ከፋርሶች እጅ እንዲያወጣለት የጠየቀው እሱው ነው።

ጉልላቷ ከወለሉ 55 ሜትር ያህል ከፍ ይላል። ከሥሩ ዙሪያውን 40 መስኮቶች አሉ። ብርሃን በነዚያ ሲገባ፣ ያ ሁሉ ጡብ በምን እንደቆመ ግራ ይገባል። ደግሞም ሁልጊዜ አልቆመም፤ የመጀመሪያው ጉልላት በ558 ተደርምሶ፣ ከፍታው ተጨምሮ እንደገና ተሠራ።

በ1453 የኦቶማኑ ሱልጣን መህመድ ሁለተኛ ከተማዋን ሲይዝ መስጊድ ሆነች። በ1934 የቱርክ መንግሥት ሙዚየም እንድትሆን ወሰነ። በጁላይ 2020 ደግሞ ወደ መስጊድነት ተመለሰች።

ከጃንዋሪ 2024 ወዲህ ምድር ቤቱ ለሰጋጆች ብቻ ነው። ለሶላት የመጣ አይከፍልም። የውጭ አገር ጎብኚ በሌላ በር ገብቶ ፎቁን ያያል፤ ክፍያው ሲጀመር 25 ዩሮ ነበር። ሴቶች ነጠላ ወይም ሻሽ ይያዙ። ትከሻና ጉልበት መሸፈን አለበት። ለጁምዓ ሶላት ጉብኝት ስለሚቋረጥ ዓርብ ቀትር ላይ አለመሄድ ነው።

ጉልላቱ ሥር ቆሞ ቀና ማለት መቅረቱ ያሳዝናል። ፎቁ ግን የራሱ በረከት አለው። የአላህ፣ የነቢዩ መሐመድ፣ የአራቱ ኸሊፋዎች፣ የነቢዩ የልጅ ልጆች የሐሰንና የሑሴን ስም የተጻፈባቸው ስምንት ክብ ሰሌዳዎች እዚያ ከፍታ ላይ ናቸው። ከታች መጠነኛ ይመስላሉ። ጠጋ ሲሏቸው ግን እያንዳንዳቸው ከ7 ሜትር በላይ ስፋት አላቸው።

ከዚያ ወደ ታች ምንጣፉን ልብ ብላችሁ እዩት። ሕንፃው ቤተ ክርስቲያን ሆኖ ሲታነፅ ፊቱን ወደ ፀሐይ መውጫ ነው የሰጠው። ቂብላው፣ ሰጋጁ የሚዞርበት የመካ አቅጣጫ፣ ግን ከዚያ ወደ ቀኝ ይላል። ስለዚህ ቂብላውን የሚያሳየው ጎድጓዳ ቅርጽ፣ ሚህራቡ፣ ከመካከል ፈቀቅ ብሏል፤ የምንጣፉም መስመር ወለሉን በሰያፍ ይቆርጠዋል። ግድግዳው ወደ አንድ ወገን፣ የሰጋጁ ሰልፍ ወደ ሌላ። ከሚህራቡ በላይ፣ ጣሪያው ላይ፣ እመቤታችን ልጇን ታቅፋ አለች፤ ለሶላት ሲባል በመጋረጃ ትከለላለች። ማንም አላፈረሳትም።

በፎቁ ደቡብ በኩል ትልቁ የክርስቶስ ሞዛይክ፣ ከትናንሽ ባለቀለም ጠጠሮች የተገጣጠመ ሥዕል፣ አለ። ድንግል ማርያምና መጥምቁ ዮሐንስ ከግራና ቀኝ ቆመው ይማልዳሉ። የታችኛው ክፍል ረግፏል። ፊታቸው ግን ሙሉ ነው፤ እዚያ ጋ አትቸኩሉ።

በዚያው ፎቅ የእብነ በረዱ መከታ ላይ የተጫረ ጽሑፍ አለ። ከሺህ ዓመት ገደማ በፊት ከሰሜን አውሮፓ የመጣ ሰው የጫረው ነው። አብዛኛው ጠፍቷል፤ ስሙ ብቻ ይነበባል፦ ሃልፍዳን።