ከቀረጥ ነፃ የምርምር መሣሪያ ማስገባት ምንድን ነው?

አንድ ዩኒቨርሲቲ ለማስተማርና ለምርምር የሚያገለግል መሣሪያ ከውጭ ሲያስመጣ ሊከፍለው ይገባ የነበረውን ቀረጥና ታክስ፣ መሣሪያው ለተፈቀደለት ሥራ እስከዋለ ድረስ፣ እንዳይከፍል በመንግሥት የሚሰጠው ፈቃድ ከቀረጥ ነፃ መብት ይባላል። መብቱ ከዕቃው ይልቅ የሚከተለው ተጠቃሚውንና አገልግሎቱን ነው፤ ለዩኒቨርሲቲ ላቦራቶሪ ከቀረጥ ነፃ የሚገባው ማይክሮስኮፕ ለሽያጭ ባመጣው ነጋዴ እጅ ሲሆን ይቀረጣል። በአገራችን ፈቃዱን የሚሰጠው የገንዘብ ሚኒስቴር ሲሆን የሚያስፈጽመው የጉምሩክ ኮሚሽን ነው።

የመብቱን ክብደት ለመረዳት ከጎጃም ደጋ አንድ ምሳሌ መውሰድ ይቻላል። በአዊና በምሥራቅ ጎጃም ከፍተኛ ቦታዎች የበዛው ዝናብ የአፈሩን ካልሲየምና ማግኒዥየም እያጠበ በመውሰዱ አፈሩ አሲዳማ ሆኗል፤ ገበሬውም ስንዴና ገብስ ለማምረት ማሳው ላይ ኖራ መበተን ግድ ሆኖበታል። በደብረ ማርቆስ፣ በእንጅባራ ወይም በባሕር ዳር የሚሠራ የአፈር ተመራማሪ በአፈሩ ውስጥ የቀሩትን እነዚህን ንጥረ ነገሮች ከሚለካባቸው መሣሪያዎች አንዱ አቶሚክ አብዞርፕሽን ስፔክትሮፎቶሜትር ነው። ለስሌት ያህል የዕቃው፣ የኢንሹራንሱና የማጓጓዣው ዋጋ ተደምሮ 5,000,000 ብር፣ የጉምሩክ ቀረጡም 10 በመቶ ነው እንበል። ቀረጡ 500,000 ብር ይሆናል። 15 በመቶው ተጨማሪ እሴት ታክስ ቀረጡ በተደመረበት 5,500,000 ብር ላይ ስለሚሰላ 825,000 ብር ይደርሳል፤ ሱር ታክስ የሚባለው በገቢ ዕቃ ላይ የሚጣል የ10 በመቶ ተጨማሪ ታክስ ደግሞ ይህ ሁሉ ተደምሮ በሚገኘው 6,325,000 ብር ላይ ተሰልቶ ሌላ 632,500 ብር ያስጨምራል። ታክሱ በታክስ ላይ እየተደራረበ የእነዚህ የሦስቱ ድምር ብቻ 1,957,500 ብር፣ ማለትም ወደ 40 በመቶ የሚጠጋ የዋጋ ጭማሪ ሆነ ማለት ነው። ቀረጡ 10 በመቶ ብቻ ነው ብሎ በጀት የያዘ ክፍል የሚደነግጠው እዚህ ላይ ነው።

ይሁን እንጂ ከቀረጥ ነፃ የሆነ ዕቃ ከጉምሩክ ሥነ ሥርዓት ነፃ አይሆንም። ዲክላራሲዮን (ዕቃው ለጉምሩክ የሚገለጽበት ቅጽ) ይሞላል፣ ዋጋው ይገመገማል፣ እንደ አስፈላጊነቱም ይፈተሻል፤ በመብቱ የሚቀረው የቀረጥና የታክስ ክፍያው ብቻ ነው። የትራንዚተር (የጉምሩክ ጉዳይ የሚያስፈጽም ወኪል) አገልግሎት፣ የባንክ ኮሚሽን፣ የመጋዘን ኪራይ፣ ከጅቡቲ ሞጆ ደረቅ ወደብ፣ ከሞጆም የዓባይን በረሃ ተሻግሮ ደብረ ማርቆስ እስኪደርስ የሚከፈለው የጭነት ዋጋ በመብቱ አይሸፈኑም። ስለዚህ የፈቃዱ ደብዳቤ ዕቃው ከመጫኑ በፊት በእጅ መግባት ይኖርበታል። ዕቃው ቦሌ አየር ማረፊያ ወይም ሞጆ ከደረሰ በኋላ ደብዳቤ የሚጻጻፍ ተቋም በየቀኑ የመጋዘን ኪራይ ይቆጠርበታል፤ በኮንቴይነር የመጣ ከሆነም ዲመሬጁ፣ ማለትም ኮንቴይነሩ ከጊዜው በላይ በመቆየቱ የሚከፈለው ገንዘብ፣ ይከተላል። በቀረጡ የዳነው ገንዘብ በዚህ መንገድ ተሸርሽሮ ሊያልቅ ይችላል።

ከደብዳቤው መዘግየት ያላነሰ መዘዝ የሚያመጣው የዕቃው አገላለጽ ነው። የፈቃድ ጥያቄው ላይ «አቶሚክ አብዞርፕሽን ስፔክትሮፎቶሜትር፣ ብዛት 1» ተብሎ ብቻ ተጻፈ እንበል። ሳጥኖቹ ሲደርሱ ግን ፓኪንግ ሊስቱ (በየሳጥኑ ያለው ዕቃ ዝርዝር) ዋናውን መሣሪያ፣ ለየንጥረ ነገሩ የሚያገለግሉትን መብራቶች፣ የአየር ኮምፕረሰሩንና ኮምፕዩተሩን እየነጠለ ይዘረዝራል። ዕቃዎች በምዕራፍ ተመድበው ቀረጣቸው በተዘረዘረበት የታሪፍ መጽሐፍ መሣሪያው ምዕራፍ 90 ውስጥ ሲመደብ ኮምፕረሰሩና ኮምፕዩተሩ ምዕራፍ 84 ውስጥ ይገኛሉ፤ ኮምፕረሰር ደግሞ ለጋራዥም እንደሚሆን የጉምሩክ ሠራተኛው ያውቃል። በደብዳቤው ላይ ያልተጠቀሰውን ዕቃ ቀረጥ ሳያስከፍል ቢለቅ ተጠያቂው ራሱ በመሆኑ፣ ማስተካከያ ደብዳቤ አምጡ ማለቱ ተንኮል አይደለም። ስለሆነም ተመራማሪው ለግዥ ክፍሉ የመሣሪያውን ስም ብቻ ነግሮ መሄድ የለበትም፤ ከአቅራቢው ፕሮፎርማ (የዋጋ ማቅረቢያ) ላይ እያንዳንዱን ተጓዳኝ ዕቃ ከነሞዴሉና ከነብዛቱ አውጥቶ፣ ለምን እንደሚያስፈልግ በአንድ አንድ ዓረፍተ ነገር ቢያስረዳና ያው አጻጻፍ በደብዳቤውም በኢንቮይሱም ሳይለወጥ እንዲሰፍር ቢያደርግ ብዙ ምልልስ ይቀራል።

ሐሳቡ በዓለም አቀፍ ደረጃም የቆየ ነው። ዩኔስኮ በ1950 እ.ኤ.አ. ያወጣውና የፍሎረንስ ስምምነት በመባል የሚታወቀው ውል ለትምህርትና ለንጹሕ ሳይንሳዊ ምርምር ብቻ የሚውሉ መሣሪያዎች ከቀረጥ ነፃ እንዲገቡ ሲፈቅድ፣ ተቀባዩ ተቋም የታወቀ እንዲሆንና በሳይንሳዊ ዋጋው አቻ የሆነ መሣሪያ በአስመጪው አገር የማይመረት እንዲሆን ቅድመ ሁኔታ አስቀምጧል። አሜሪካን የመሰለ አምራች አገር ከዩኒቨርሲቲዎቹ ማመልከቻ ተቀብሎ የሚመረምረው ይህንኑ አቻነት ነው። መለዋወጫና የጥገና መሣሪያም በግልጽ እንዲካተት የተደረገው በ1976 እ.ኤ.አ. በናይሮቢው ፕሮቶኮል በመሆኑ፣ የተጓዳኝ ዕቃዎች ጣጣ የእኛ ብቻ አለመሆኑን መገመት ይቻላል።

ከዚህ መብት ጋር መምታታት የሌለበት ጊዜያዊ ማስገባት የሚባለው ሥርዓት ነው። የውጭ አገር ተመራማሪ በጣና ሐይቅ ላይ ለሚያካሂደው ጥናት መለኪያ ይዞ መጥቶ ሲጨርስ ይዞት የሚመለስ ከሆነ፣ የሚመለከተው ይኸኛው ነው፤ ለዚህ ዋስትና ይያዛል፣ መውጫ ጊዜም ይቆረጣል።

መሣሪያው ላቦራቶሪ ገብቶ ከተተከለ በኋላም የጉምሩክ ጉዳይ አይዘጋም። በጉምሩክ አዋጅ ቁጥር 859/2006 መሠረት ከቀረጥ ነፃ የገባ ዕቃ መብቱ ለሌለው ሰው ከመተላለፉ ወይም ለሌላ ዓላማ ከመዋሉ በፊት ቀረጥና ታክሱ መከፈል አለበት፤ ይህን ሳያሟሉ መገኘት ያስቀጣል። ሕጉን አፍርሶ የሚገኘው ሁልጊዜ ሊሸጥ ያሰበ ሰው አይደለም። የፕሮጀክቱ ዘመን ሲያበቃ መሣሪያውን ለአንድ የግል ላቦራቶሪ በቅን ልቦና ማዋስም ሆነ መስጠት ያው ጥያቄ ያስነሳል። ስለዚህ የንብረት ክፍሉ ዲክላራሲዮኑንና የፈቃዱን ደብዳቤ ከመሣሪያው ተከታታይ ቁጥር ጋር አያይዞ ማስቀመጥ፣ ዝውውር ሲታሰብም ዕቃው ከቦታው ሳይነሳ ጉምሩክን በጽሑፍ መጠየቅ ይኖርበታል። ተቀባዩ ተመሳሳይ መብት ያለው ሌላ ዩኒቨርሲቲ ከሆነ፣ ዝውውሩ ተፈቅዶ ቀረጥ ሳይከፈል ሊፈጸም ይችላል።