ጭቃው ያቆየው ምሽግ፦ ስለ ሮማውያን የወንዝ ዳር ጦር ሰፈሮች ቁፋሮ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በሆላንድ ምዕራባዊ ጠረፍ አቅራቢያ፣ አሮጌው ራይን በሚባለው ወንዝ ዳር፣ ቫልከንበርግ የምትባል መንደር አለች። ሮማውያን በ40 ዓ.ም. ገደማ ፕሪቶሪየም አግሪፒኔ የተባለውን ጦር ሰፈር የተከሉት በዚሁ ስፍራ ነበር (ዘመናቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በግንቦት 1940 ጀርመኖች ሆላንድን ሲወሩ መንደሯ በውጊያ ክፉኛ ፈረሰች፤ በ1941 ደግሞ ቫን ጊፈን የተባለው የአርኪዮሎጂ ሊቅ በፍርስራሹ መካከል ቁፋሮ ጀመረ። እንዲህ ስላሉ ቁፋሮዎች በተለምዶ ከሚነገረው ውስጥ ብዙው ስሕተት ስለሆነ፣ ዋና ዋናዎቹን እንመልከት።

«የሮማውያን ምሽግ የድንጋይ ግንብ ነው»

በታችኛው ራይን፣ ማለትም ወንዙ ወደ ባሕር በሚቃረብበት አገር፣ ይህ ለረጅም ጊዜ እውነት አልነበረም። አገሩ ደለልና ረግረግ በመሆኑ ድንጋይ ከሩቅ በጀልባ ካልመጣ በቀር አይገኝም። በቫልከንበርግ አንዱ በሌላው ላይ የተነባበሩ ስድስት የግንባታ ዘመናት የተለዩ ሲሆን፣ የመጀመሪያዎቹ በሙሉ የእንጨትና የአፈር ሥራዎች ናቸው። የወታደሮቹ ማደሪያ ቋሚ ተተክሎለት፣ ማገር ተማግሮለት፣ በጭቃ የተመረገ ቤት ነበር። በ69 ዓ.ም. ባታውያን የተባሉት የአካባቢው ነገድ በሮም ላይ ሲያምፁ ሰፈሩ ተቃጥሏል፤ የቃጠሎው አመድና ከሰል በቁፋሮው ጉድጓድ ግድግዳ ላይ እንደ ጥቁር መስመር ተለይቶ ታይቷል።

«ውኃ ያለበት ስፍራ እንጨት በስብሶ ይጠፋል»

ነገሩ ተቃራኒ ነው። እንጨትን የሚበሉት ፈንገሶች አየር ይሻሉ፤ ከከርሰ ምድር ውኃ መጠን በታች በጭቃ ውስጥ የተቀበረ ምሰሶ ግን አየር ስለማያገኘው ሁለት ሺህ ዓመት ሊቆይ ይችላል። አደጋው የሚጀምረው ሲወጣ ነው። ከጭቃው ገና የተገለጠ ሳንቃ ፈካ ያለ ቀለም ይኖረዋል፤ አየር ሲነካው ግን ቆፋሪው እያየው ይጠቁራል፣ በጥፍር ቢነኩትም እንደ አይብ ይሰረጉዳል። ውስጡን ቀጥ አድርጎ የያዘው ውኃ ብቻ ስለሆነ፣ እንዲሁ ቢደርቅ ይጨማደዳል፣ ይሰነጠቃልም። ስለዚህ በቁፋሮው ጊዜ ሳያቋርጡ ውኃ ይረጩታል፣ በላስቲክ ይሸፍኑታል፤ በኋላም ፖሊኢትሊን ግላይኮል የተባለ ሰም መሰል ነገር በተሟሟበት ገንዳ ውስጥ ለወራት፣ ትልቅ ከሆነም ለዓመታት ይነክሩታል። ልፋቱ አያስቆጭም፤ የእንጨቱ የዕድገት ቀለበቶች ዛፉ የተቆረጠበትን ዓመት ሊናገሩ ይችላሉና። በ1997 በሆላንድ ከተማ በዩትሬክት አጠገብ የተገኘው 25 ሜትር ርዝመት ያለው የሮማውያን ጀልባ በ148 ዓ.ም. ገደማ እንደተሠራ የታወቀው በዚህ መንገድ ነው።

«ቆፋሪዎቹ ሀብት ፈላጊዎች ናቸው»

ወርቅ ቢገኝ ማንም አይጠላም። ሆኖም ልምድ ያለው ቆፋሪ በይበልጥ የሚጓጓው ለቆሻሻ መጣያው ነው፤ ይኸውም ወታደሮቹ ያረጀ ጫማ፣ የተሰበረ ማሰሮና የከብት አጥንት ለሚጥሉበት የወንዝ ዳርቻ። አንዳንድ ጊዜ ግኝቱ ዕቃ እንኳ አይደለም፤ የበሰበሰ ቋሚ በአፈሩ ላይ የተወው ክብ ጥቁር ነጥብ ነው። መሬቱ በስሱ ተፍቆ ነጥቦቹ አንድ በአንድ በካርታ ላይ ሲሰፍሩ የቤቱ ቅርጽ ብቅ ይላል።

«ወንዙ ማንም የማያልፍበት አጥር ነበር»

ራይን የሮም ግዛት ድንበር መሆኑ እውነት ነው፤ ከዚያ ይልቅ ግን አውራ ጎዳና ነበር። እህል፣ የወይን በርሜልና ድንጋይ የሚጓጓዙት ታቻቸው ጠፍጣፋ በሆኑ ጀልባዎች ሲሆን፣ ምሽጎቹም በመደዳ ዳር ዳሩን የተተከሉት ለዚሁ ጭምር ነው። ወንዙ አቅጣጫውን ስለቀየረ ዛሬ አንዳንዱ ወደብ በሣር መስክ ሥር ይገኛል።

«ወታደሮቹ ከኢጣልያ የመጡ ነበሩ»

በሐዋርያት ሥራ ላይ ቆርኔሌዎስ «ኢጣሊቄ» የሚባል ጭፍራ መቶ አለቃ እንደነበር ያነበበ ሰው እንዲህ ቢያስብ አያስገርምም። ነገር ግን አንድ ጭፍራ በዚህ ስም ተለይቶ መጠራቱ ራሱ ሌሎቹ ኢጣልያውያን እንዳልነበሩ ይጠቁማል። በቫልከንበርግ ከጎል፣ ማለትም ከዛሬዋ ፈረንሳይ አካባቢ፣ የተመለመለ ጭፍራ ሰፍሯል። በእንግሊዝ በታይን ወንዝ አፍ በነበረው አርቤያ ምሽግ ደግሞ የጤግሮስ ጀልባ ነጂዎች ጓድ እንደነበረ የኋለኛው ዘመን የሮም የሹመት መዝገብ ይገልጻል።

«ሁሉንም ቆፍሮ ማውጣት ነው የሚሻለው»

የተቆፈረ ንብርብር ተመልሶ አይነባበርም፤ ከዚያ በኋላ የሚቀረው ቆፋሪው የሣለውና የጻፈው ብቻ ነው። በ2021 የታችኛው ራይን የሮማውያን ድንበር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ፣ አብዛኛው ቅርስ እንደተቀበረ ነበር፤ አሁንም በቦታው እንዲቆይ ይፈለጋል። መቅበር ብቻውን ግን ጥበቃ አይሆንም። አጠገቡ ያለ እርሻ ውኃውን በቦይ ካስወገደ፣ የከርሰ ምድር ውኃው ዝቅ ይልና አንድ አካፋ እንኳ ሳይነካው እንጨቱ በተቀበረበት መበስበስ ይጀምራል።