መኪና መንዳት ፎርክሊፍት መንዳት አይደለም

ዓረብ ሀገር መጋዘን ውስጥ ለዓመታት ፎርክሊፍት፣ ማለትም ዕቃ በብረት ሹካ አንስቶ የሚያጓጉዝ ማሽን፣ ነድቻለሁ። አሁን ድሬዳዋ ተመልሼ ውጭ ሀገር ሄደው በዚህ ሥራ መቀጠር የሚፈልጉ ወጣቶችን አሠለጥናለሁ። ለመመዝገብ የሚመጡት ልጆች ይለያያሉ፤ ይዘውት የሚመጡት ወሬ ግን አንድ ነው። እሱኑ ደጋግሞ መስማት ሰልችቶኛል። ወደ ውጭ የሚልካቸው ደላላም ወሬውን ስለሚወደው አያርመውም። ስለዚህ እኔ ላርመው።

«ኢሱዙ ነድቻለሁ፣ ፎርክሊፍት ምን ያቅተኛል?»

የባጃጁም ሾፌር ይለዋል፣ የሲኖትራኩም ይለዋል። ከሁሉም የሚያስቸግረኝ ጎበዙ ሾፌር ነው፤ እጁ የለመደውን በቀላሉ አይተውም።

መኪና የሚታጠፈው በፊት ጎማው ነው። ፎርክሊፍት የሚታጠፈው በኋላ ጎማው ነው። መሪውን ወደ ቀኝ ስትጠመዝዙ ፊቱ ወደ ቀኝ ይዞራል፣ ኋላው ደግሞ ወደ ግራ ይወረወራል። ጠባብ መተላለፊያ ውስጥ ያ ኋላው መደርደሪያ ይመታል፣ ወይም አጠገብ የቆመ ሰው ይመታል። ኋላው ላይ ያለው ብረት ደግሞ ለጌጥ የተቀመጠ አይደለም። ፊት ለፊት የሚነሳውን ጭነት ሚዛን የሚጠብቅ ክብደት ነው። ሁለት ቶን ተኩል የሚያነሳ ፎርክሊፍት ባዶውን ወደ 4 ቶን ይጠጋል። አጭር መሆኑ አያታላችሁ፤ ከቤት አውቶሞቢል ሁለት ሦስት እጥፍ ይከብዳል።

አንድ ሠልጣኝ ነበረኝ፤ በጅቡቲ መስመር ተሳቢ ሲነዳ የኖረ። መሬት ላይ በርሜሎች ደርድሬ በመካከላቸው ባዶውን ማሽን እንዲያሳልፍ ነገርኩት። ተሳቢ ሲታጠፍ ሰፋ ተደርጎ ወደ ውጭ ይወጣል፣ እሱም እንደዚያው አደረገ። በግራ በኩል ያለችው ሰማያዊ በርሜል ተንከባለለች። አቆምናት፣ እንደገና ጣላት። «መንገዱ ጠቧል» አለኝ። መንገዱ አልጠበበም። ፎርክሊፍት ሲታጠፍ የፊት ጎማውን ወደ ውስጠኛው ጥግ አስጠግታችሁ ኋላው የሚወረወርበትን ቦታ በውጭ በኩል ትተዋላችሁ። ከተሳቢ ፍጹም ተቃራኒ ነው። ይህን ተቀብሎ ወደ ትከሻው ዞሮ ማየት ሲጀምር ነው በርሜሏ የቆመችው። መንዳት የማያውቁ ልጆች ግን ይህን ከእሱ ቀድመው ይዘውት ነበር።

ደግሞ መሪው ገና ትንሹ ነገር ነው። ዋናው ሚዛን ነው። ማሽኑ ላይ የተለጠፈች የብረት ሰሌዳ አለች። «2,500 ኪሎ» ስትል ሰው እዚያ ላይ ማንበብ ያቆማል። ከጎኗ የጭነት መሃል ርቀት ተጽፏል፤ አብዛኛውን ጊዜ 500 ሚሊ ሜትር ነው። 2,500 ኪሎ የሚነሳው የጭነቱ መሃል ከፎርኩ (ከብረት ሹካው) ቀጥ ያለ ጀርባ ከ50 ሳንቲ ሜትር ካልራቀ ነው ማለት ነው። ውሃ የሞላ ጄሪካን ደረታችሁ ላይ አስጠግታችሁ ያዙ፣ ከዚያ ክንዳችሁን ዘርግታችሁ ያዙት፤ ማሽኑም የሚሰማው ይኸው ነው። በቁጥር እንየው። ከፊት ጎማው መሃል እስከ ፎርኩ ጀርባ 45 ሳንቲ ሜትር ነው እንበል። የጭነቱ መሃል ከ50 ወደ 80 ሳንቲ ሜትር ሲርቅ ያ ማሽን የሚችለው ወደ 1,900 ኪሎ ይወርዳል። በሲሚንቶ ብትቆጥሩት 50 ከረጢት የነበረው 38 ሆነ። ማሽኑ አልተቀየረም፣ ሾፌሩም አልተቀየረም። ረጅም ዕቃ ጫፍ ላይ አንስቶ «ትናንት ከዚህ የባሰ አንስቻለሁ» የሚል ሰው የኋላ ጎማው ከመሬት ሲነሳ ነው የሚባንነው።

ስለዚህ ጭነት ይዛችሁ ስትሄዱ ፎርኩን ከመሬት 15 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ዝቅ አድርጉ፣ ማስቱን (ፎርኩ የሚወጣበትንና የሚወርድበትን ቋሚ ብረት) ወደ ኋላ ዘንበል አድርጉ። ጭነቱ እይታችሁን ከከለለው፣ በኋላ ማርሽ ሂዱ። ዳገትም ሆነ ቁልቁለት ላይ ጭነቱ ሁልጊዜ ወደ ዳገቱ በኩል ይሁን፤ ስትወርዱ በኋላ ማርሽ ነው ማለት ነው። ከፍ አድርጎ ይዞ መታጠፍ ፈጽሞ አይሆንም። ውጭ ሀገር ፈታኝ መጀመሪያ የሚያየው እነዚህን ነው፤ ፍጥነታችሁን አይደለም።

«ሲገለበጥ ዘሎ መውረድ ነው»

ይህቺ ሰው ትገድላለች። ተቀምጠው የሚነዱት ፎርክሊፍት ወደ ጎን ሲወድቅ ዘሎ የወጣው ሰው የሚያርፈው ማሽኑ በሚያርፍበት ቦታ ነው። ከራስ በላይ ያለው የብረት ጣሪያም እላዩ ላይ ይወድቃል። ቀበቶ አስራችሁ ተቀመጡ። መሪውን አጥብቃችሁ ያዙ፣ እግራችሁን ተክሉ፣ ከሚወድቅበት በተቃራኒ አዘንብሉ። ቆመው የሚነዱት፣ ከኋላ ክፍት የሆኑት ዓይነቶች ሌላ ደንብ አላቸው፤ በእነሱ ላይ ስትሠለጥኑ ይነገራችኋል።

«የድሬ ልጅ ሙቀት አያቅተውም»

ሙቀቱን እንችላለን፣ እሱ ልክ ነው። ግን ብዙ የምግብ መጋዘን የፍሪጅ ክፍል አለው። በረዶ የሆነ ሥጋና ዶሮ የሚቀመጥበት ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ነው። ውጭ ከ40 በላይ፣ ውስጥ እሱ። በአንድ ፈረቃ ስንት ጊዜ ትመላለሳላችሁ! የበረዶ ጃኬትና ጓንት የአሠሪው ግዴታ መሆኑን ከመሄዳችሁ በፊት ጠይቁ። ከሳቢያን ሰፈር የሄደ አንድ ልጅ የመጀመሪያውን ወር በስስ ጓንት አሳልፎ ጣቶቹ ለረጅም ጊዜ ሲያስቸግሩት ነበር።

«ኢንተርናሽናል ላይሰንስ አለኝ»

በዓለም ሁሉ የሚሠራ አንድ የፎርክሊፍት ፈቃድ የለም። የሚሸጥላችሁ ሰው ካለ ገንዘባችሁን ያዙ። ዱባይ ፎርክሊፍት የራሱ የመንጃ ፈቃድ ምድብ አለው፣ እዚያው ተፈትኖ ነው የሚወሰደው። አሜሪካ አሠሪው ራሱ ያሠለጥናል፣ ይፈትናል፣ ቢያንስ በየ3 ዓመቱ ደግሞ ይገመግማል። እንግሊዝም ሠራተኛውን የማሠልጠን ኃላፊነቱ የአሠሪው ነው። እዚህ የምትወስዱት ሥልጠናና ሲኦሲ (የብቃት ማረጋገጫ) ዋጋ የለውም እያልኩ አይደለም። ፈተናው ላይ እንዳታፍሩ ያደርጋችኋል፣ ፈተናውን ግን አያስቀርላችሁም።

«እዚህ ማሽን የለም፣ እዚያው እማራለሁ»

ድሬዳዋ ተቀምጦ ይህን ማለት ያሳዝናል። ደረቅ ወደቡ እዚህ ነው፣ ኢንዱስትሪ ፓርኩ እዚህ ነው። በአገራችን የመጀመሪያው ነፃ የንግድ ቀጠና በነሐሴ 2014 የተከፈተው እዚሁ ነው። ጫኝና አውራጅ ሆናችሁም ቢሆን ገብታችሁ ማሽኑ አጠገብ ዋሉ። ውጭ ያለ አሠሪ ልምድ ነው የሚጠይቀው።

ትንንሾቹን ቶሎ ልለፋቸው። «የወንድ ሥራ ነው»፦ ዕቃውን የሚያነሳው ሃይድሮሊክ ነው፤ ሴት ሠልጣኞቼ ከወንዶቹ ይልቅ ሰሌዳውን ያነባሉ። «የባትሪው ፎርክሊፍት አደጋ የለውም»፦ አሲድ ያለው ባትሪ ቻርጅ ሲደረግ ሃይድሮጅን ያወጣል፣ አጠገቡ ሲጋራ አይለኮስም። «ቋንቋ አያስፈልግም»፦ የዕቃ ኮድ የሚያነበው ስካነር የመደርደሪያውን ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ በእንግሊዝኛ ነው የሚያሳያችሁ።

«ደላላው ሁሉንም ይጨርሳል፣ ገንዘቡን ብቻ ማዘጋጀት ነው»

ከብት ተሽጦ፣ የእናት ወርቅ ተሽጦ የሚከፈለው እዚህ ላይ ነው። የውጭ ሀገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 ማን ምን እንደሚከፍል ለይቶ አስቀምጧል። የመግቢያ ቪዛ፣ የደርሶ መልስ ትኬት፣ የሥራ ፈቃድ፣ የመኖሪያ ፈቃድና ኢንሹራንስ የአሠሪው ነው። የእናንተ ፓስፖርት፣ የሕክምና ምርመራ፣ ክትባት፣ የልደት ሰርተፊኬት፣ የብቃት ማረጋገጫና መሰል ወጪዎች ናቸው። ትኬትና ቪዛ ክፈሉ የሚላችሁ ሰው ሁለት ጊዜ እያስከፈለ ነው። ኤጀንሲውም ከሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ፈቃድ እንዳለው አጣሩ። በጉብኝት ቪዛ ሂዱና እዚያ ሥራ ፈልጉ የሚላችሁን ደግሞ ጭራሽ አትስሙት። በዚያ ቪዛ መሥራት ክልክል ነው፣ ደመወዝ ብትከለከሉ አቤት የምትሉበት ወረቀት የላችሁም።

ውሉ ሲመጣ መጀመሪያ የሥራ መደቡን እዩ። አንድ የማውቀው ልጅ ውሉ ላይ «ሌበር» (የጉልበት ሠራተኛ) ተብሎ ተጽፎለት ደላላው «እዚያ ስትደርስ ፎርክሊፍት ላይ ያወጡሃል» ብሎት ሄደ። ውሉ እስኪያልቅ ካርቶን በእጁ ሲሸከም ቆየ። ቢከራከርም ወረቀቱ የአሠሪውን ቃል ነው የሚደግፈው። እንግዲህ «ፎርክሊፍት ኦፕሬተር» የሚል በግልጽ ይጻፍ። የማሽኑን ዓይነትም ጠይቁ፤ ሪች ትራክ (በጠባብ መተላለፊያ ከፍ ያለ መደርደሪያ ላይ የሚያነሳው ዓይነት) ከሆነ እዚህ የተማራችሁበት ተራው ፎርክሊፍት ስላልሆነ ተጨማሪ ልምምድ ያስፈልጋችኋል። ደመወዝ፣ የሥራ ሰዓትና ኦቨርታይም በቁጥር ይቀመጥ። ካልተጻፈ አትፈርሙ። ከፈረማችሁ ደግሞ አንዱን ቅጂ ቤተሰብ ጋ ተዉ።