«በህግ አምላክ ሲባል እንኳን ሰው ወራጅ ውሃ ይቆማል» ምን ማለት ነው?

ይሄን አባባል ሳይሰማ ያደገ ሰው ያለ አይመስለኝም። አንዳንዱ "የሚሄድ ሰው ቀርቶ የሚፈስ ውሃ ይቆማል" ይለዋል፣ ያው ነው። ትርጉሙ ሲጠየቅ ብዙ ሰው "ህግ ይከበር ማለት ነው" ብሎ ያልፈዋል፣ አልተሳሳተም፣ ግን ስንት ነገር ጥሎ ነው የሚያልፈው። እኔን ሁሌ የሚገርመኝ ዱላም እስር ቤትም ሳይጠራ ሰውን ማስቆም መቻሉ ነው።

እስቲ ጊዜውን አስቡት። ፖሊስ የለም፣ ጣቢያ የለም፣ ስልክ የለም፣ ዳኛው ያለው ስንት መንገድ ተኪዶ ነው። አንዱ ጉልበተኛ የሰው በሬ እየነዳ ሊሄድ ነው ወይ ድንበር ገፍቶ ሊያርስ ነው፣ የበሬው ወይ የመሬቱ ባለቤት ደሞ ባሏ የሞተባት ሴት ናት እንበል፣ ታግላ አታሸንፈውም። ያላት ነገር ጮክ ብላ "በህግ አምላክ!" ማለት ነው፣ "በንጉሡ አምላክ!" የሚሉም ነበሩ። ቃሉ አንዴ ከወጣ በኋላ ሰውየው አንድ እርምጃ ቢራመድ ጸቡ ከሴትዮዋ ጋር መሆኑ ይቀርና ከንጉሡ ጋር፣ ከዛም በላይ ከፈጣሪ ጋር ይሆንበታል፣ በአካባቢው ያለ የሰማ ሰው ሁሉ ደሞ ምስክር ነው፣ ስለዚህ ይቆማል። ውሃው አባባሉ ውስጥ የገባው፣ ወንዝ ማንም ተው ቢለው የማይሰማ ነገር ስለሆነ ነው፣ እሱ እንኳን ከቆመ ሰው ምን ሰበብ አለው ለማለት።

ብዙ ሰው ልብ የማይላት ነገር አለች፣ በህግ አምላክ ሲባል ያስቆመውም አብሮ ይቆማል። ህግ ጠርቶ መልሶ በዱላ መምታት፣ ቆመልኝ ብሎ መዝረፍ አይቻልም፣ የሚቀረው ተያይዞ ዳኛ ፊት መቅረብ ነው። ዳኛ በቅርብ ከሌለ መንገደኛ ሽማግሌ ይለመናል፣ የመንገድ ዳኛ የሚባለው እሱ ነው፣ ዛፍ ስር ቁጭ ብሎ ሁለቱንም ይሰማል። እዛ ካላለቀ ደሞ ቁራኛ ነበር። የከሳሽና የተከሳሽ ነጠላ ጫፍና ጫፉ ይቋጠርና ሁለቱ ጎን ለጎን እየተራመዱ እስከ ችሎት ይሄዳሉ፣ አንዱ ሲደክመው ሌላውም ያርፋል፣ አንዱ ውሃ ሲጠጣ ሌላው ይጠብቃል። ጨርቅ እኮ ነው፣ ጎተት ቢያደርጉት ይፈታል፣ የያዛቸው ቋጠሮው ሳይሆን ፍርሃቱና ይሉኝታው ነበር። ለዕዳ ሲሆን ግን በሰንሰለትም ይቆራኙ ነበር፣ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አካባቢ የተነሱ አበዳሪና ተበዳሪ አንድ ላይ ታስረው የሚያሳዩ ፎቶዎች አሉ።

አባባሉ የህዝብ ነው፣ ሥሩ ግን ህግና እምነት ባልተለያዩበት ዘመን ላይ ነው። ነገሥታቱ ለዘመናት ይፈርዱበት የነበረው ፍትሐ ነገሥት በ13ኛው ክፍለ ዘመን ግብጽ ውስጥ በአረብኛ ተዘጋጅቶ ኋላ ወደ ግዕዝ የተመለሰ መጽሐፍ ነው፣ መንፈሳዊና ሥጋዊ የሚባሉ ክፍሎች አሉት፣ ስለ ጾምና ጸሎት የሚናገረውና ስለ ብድር፣ ስለ ውርስ፣ ስለ ነፍስ ግድያ የሚናገረው አንድ መጽሐፍ ውስጥ ነው ያለው። በዚህ ህግ ስር የኖረ ሰው ህግን ከነአምላኩ ቢጠራ ምን ይገርማል። ግን ቃሉ የክርስቲያን ብቻ ሆኖ አልቀረም፣ ሙስሊሙም ሲበደል በህግ አምላክ ይላል፣ ዛሬም።

የፍርድ ቤት መሃላም ከዚሁ ቦታ ነው የመጣው። ድሮ ማስረጃ ሲጠፋ "በል ማል" ይባል ነበር፣ ሰውየው ቤተክርስቲያን ደጅ ቆሞ በራሱ ላይ እርግማን ጠርቶ ይምል ነበር። እውነት ይዞም መማል የሚፈራ ነበር፣ ከምምል ልክፈል ብሎ ያልበደለውን የሚከፍል። አሁን ግን ለታክሲ መልስ እንኳን "እናቴ ትሙት" እየተባለ ነው፣ እንደዚህ መሃላ ረክሶ ያደገ ሰው ችሎት ቆሞ ቀኝ እጁን ሲያነሳ ምን ሊሰማው ነው? በሐሰት ምስክር ቤቱን ያጣ፣ እስር ቤት የገባ ሰው እኮ አለ፣ እኔ ይሄ ነገር በጣም ነው የሚያመኝ፣ ምክንያቱም ዳኛው እዛ ቦታ አልነበረም፣ ያለው ምስክሩ ምሎ የነገረው ነው።

በእርግጥ ህጉ ሁሉንም ለህሊና አልተወውም። የ1987ቱ ህገ መንግሥት አንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ ናቸው ይላል፣ መሃላው ግን ከችሎት አልወጣም፣ በ1954 የወጣው የወንጀል ሥነ ሥርዓት ህግ ምስክር ቃሉን ከመስጠቱ በፊት ይማል ወይም ያረጋግጥ ይላል። "ያረጋግጥ" የሚለው በጣም ይጠቅማል፣ ምክንያቱም ማቴዎስ 5፥34 ላይ "ከቶ አትማሉ" የሚለውን ይዘው ፈጽሞ የማይምሉ አማኞች አሉ፣ እነሱን አስገድዶ ማስማል እምነታቸውን ማፍረስ ነው የሚሆነው። እንደዚህ ያለ ሰው ምስክር ሆኖ ከተጠራ ገና ማል ሳይባል ለዳኛው "አልምልም፣ ግን እውነቱን እንደምናገር አረጋግጣለሁ" ቢል ይበቃል። ከዛ በኋላ ውሸት ከተናገረ ግን አልማልኩም ብሎ አያመልጥም፣ በ1996ቱ የወንጀል ህግ የሐሰት ምስክርነት ራሱን የቻለ ወንጀል ነው።