የየመን እስስት በልጅነቷ ምን ትበላለች?

በአማርኛ እስስት ስትነሳ አብዛኛውን ጊዜ ሰው ሊሰደብ ነው። አቋሙን የሚለዋውጥ ሁሉ በእሷ ስም ይጠራል። ስለ ራሷ ስለ እስስት፣ ይልቁንም በቤት ስለማሳደግ፣ በአማርኛ የተጻፈ ነገር ማግኘት ግን ቀላል አይደለም።

እዚህ የምናነሳት የየመን እስስት ናት፣ የቀይ ባሕር ማዶ ጎረቤታችን። አገሯ የመንና ደቡብ ምዕራብ ሳዑዲ ዓረቢያ ነው። ራሷ ላይ ቆብ የመሰለ ከፍታ አላት። በአሜሪካና በአውሮፓ ለቤት እንስሳነት በብዛት ትረባለች። እንደ ባሌዋ የሐረና እስስት ያሉት የእኛ ደገኞች ብርድ የለመዱ ስለሆኑ የእሷ አያያዝ እንዳለ አይሠራላቸውም።

ከእንቁላል የወጣች ጫጩት ጅራቷን ጨምሮ ከአንድ የእጅ ጣት ብዙም አትረዝምም። የምትበላው የፍራፍሬ ዝንብና ከስንዴ ፍሬ ያነሱ የክሪኬት ጫጩቶች ነው። ክሪኬት ማታ ማታ ጥግ ይዞ የሚጮኸው የፌንጣ ዘመድ ነው። የመጠኑ ነገር በዓይን ይለካል፦ ነፍሳቱ በሁለቱ ዓይኖቿ መካከል ካለው ስፋት መብለጥ የለበትም። እስከ ስድስት ወር ገደማ በየቀኑ፣ በጣም ትንሽ ሳለች በቀን ሁለቴ ትመገባለች።

ሆዷን መሙላት አያስቸግርም፤ ችግሩ አጥንቷ ነው። ክሪኬት ውስጥ ፎስፈረስ የተባለው ማዕድን ከካልሲየሙ ብዙ እጥፍ ይበልጣል። ለምታድግ እስስት የሚፈለገው ደግሞ ተቃራኒው ነው፣ ካልሲየሙ እጥፍ ቢሆን ይመረጣል። ክፍተቱ በሁለት መንገድ ይሞላል። አንደኛው ነፍሳቱን ራሳቸውን አስቀድሞ አንድ ቀን ያህል ደህና አድርጎ መቀለብ ነው። ጎመን፣ ካሮትና ስኳር ድንች ጥሩ ናቸው። ቆስጣ ግን ካልሲየምን የሚይዝ ኦክሳሌት ስለሚበዛበት ቢቀር ይሻላል። ሁለተኛው ዱቄት መነስነስ ነው። ክሪኬቶቹን ፌስታል ውስጥ ከቁንጥር የካልሲየም ዱቄት ጋር ከትቶ ቀስ ብሎ ማወዛወዝ ይበቃል። ሲወጡ አመድ የተነፋባቸው ይመስላሉ። ቶሎ ካልተበሉ ግን ራሳቸውን ያጸዳሉ፣ ዱቄቱም ይረግፋል።

በዚህ ጉዳይ በደንብ የተሠራ ጥናት አለ። የስዊዘርላንድ ተመራማሪዎች በ2010 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ነው። 56 የየመን እስስት ጫጩቶችን በስድስት ቡድን ከፍለው አንበጣ እየመገቡ ለስድስት ወር ተከታተሏቸው። ልዩነቱ ካልሲየም፣ ቫይታሚን ኤ፣ ቫይታሚን ዲ3 (አንዱ የቫይታሚን ዲ ዓይነት) እና የዩቪቢ ብርሃን (በፀሐይ ብርሃን ውስጥ ያለ በዓይን የማይታይ ጨረር) የትኛው ቡድን አገኘ፣ የትኛው አላገኘም የሚለው ነበር። ማሟያ ያልተጨመረላቸው አጥንታቸው ታመመ። ተመራማሪዎቹ የመከሩት ሦስቱንም ማሟያ ከዩቪቢ ጋር አብሮ መስጠትን ነው። እንዲህ በጥንቃቄ የተጠኑ የቤት እንስሳት ተሳቢዎች ብዙ አይደሉም፤ የየመኗ በዚህ ዕድለኛ ናት።

ብርሃኑ ለምን አስፈለገ? እኛ አገር አራስ ልጅ ጠዋት ጠዋት ፀሐይ የሚሞቀው ለምን ሆነና! ቆዳ ቫይታሚን ዲ የሚሠራው በዩቪቢ ነው፣ ያለ እሱ ደግሞ ካልሲየም በደንብ አይገባም። የመስኮት መስታወት ዩቪቢን ስለሚያስቀር መስኮት ዳር ማስቀመጥ ብቻውን አይረዳም። ዩቪቢ የሚሰጠው አምፖልም እየበራ የዩቪቢ ኃይሉ ያልቃል፣ ስለዚህ በየጊዜው ይቀየራል።

ዲ3 በዱቄት ምን ያህል ይሰጥ በሚለው አርቢዎች አይስማሙም። የተለመደው ንጹሕ ካልሲየም በየምግቡ ማለት ይቻላል፣ ዲ3 እና መልቲቫይታሚን ያለበት ደግሞ በወር ሁለቴ ነው። አንዳንዶች ከዚህ ያበዛሉ። ሲበዛ ግን ዲ3 መርዝ ነው፣ ይህ አያከራክርም። ቫይታሚን ኤም ሲበዛ ይጎዳል፤ ሲያንስ ዓይኗ ያብጣል።

ውሃ ከሳህን አትጠጣም ቢባል ይቀላል። ቅጠል ላይ የሚንጠባጠበውን ትልሳለች።

ካልሲየም ያነሳት ጫጩት ቅርንጫፍ ስትጨብጥ ትንቀጠቀጣለች። የፊት እግሯ ይጎብጣል፣ መንጋጋዋ ይለሰልሳል። ምላሷን ወደ ክሪኬቱ ትወረውራለች፣ አይደርስም። የጎበጠ አጥንት መልሶ አይቃናም። ስለዚህ ምላሷ ሁለት ሦስቴ ከሳተ ተሳቢ የሚያክም የእንስሳት ሐኪም ጋ መሄድ ነው፣ ዱቄት ጨምሮ መጠበቅ አይደለም።