በእግር ኳስ የውሰት ውል ምንድን ነው?

በአማርኛ ብድርና ውሰት አንድ አይደሉም። ገንዘብና እህል እንበደራለን፤ የምንመልሰውም የወሰድነውን ብር ወይም የወሰድነውን ጤፍ ራሱን ሳይሆን በመጠን የሚስተካከለውን ነው። መጥረቢያ፣ ወንፊት ወይም መጽሐፍ ግን እንዋሳለን፤ ተመልሶ የሚሰጠውም ራሱ ዕቃው ነው። የስፖርት ጋዜጠኞቻችን አንድ ተጫዋች ለጊዜው ወደ ሌላ ክለብ ሲሄድ «በውሰት ተሰጠ» ማለታቸው ስለዚህ ቦታውን ያገኘ አነጋገር ነው። ልዩነቱ አንድ ብቻ ነው፦ መጥረቢያው እንደነበረ ቢመለስ ባለቤቱ ደስ ይለዋል፤ ተጫዋች ግን እንደሄደ ከተመለሰ ውሰቱ ከሽፏል ማለት ነው።

የውሰት ውል ማለት ከአንድ ክለብ ጋር የጸና ውል ያለው ተጫዋች፣ ያ ውል ሳይፈርስ፣ ለተወሰነ ጊዜ በሌላ ክለብ ስም ተመዝግቦ የሚጫወትበት የሦስትዮሽ ስምምነት ነው። ሦስቱ ወገኖች የውሉ ባለቤት የሆነው እናት ክለብ፣ ተቀባዩ ክለብና ተጫዋቹ ራሱ ናቸው። ጊዜው ብዙውን ጊዜ ግማሽ ወይም አንድ ሙሉ የውድድር ዘመን ነው። ደመወዙን ተቀባዩ ክለብ ሙሉ በሙሉ ሊሸፍነው፣ ሁለቱ ክለቦች ሊካፈሉት ወይም አብዛኛውን እናት ክለቡ ሊከፍለው ይችላል፤ ይህ በድርድር የሚወሰን ነው። አንዳንድ ውሎች የውሰት ክፍያ አለባቸው፤ በአንዳንዶቹ ደግሞ እናት ክለቡ ጊዜው ሳያልቅ ተጫዋቹን መልሶ የመጥራት መብት ይይዛል። በመጨረሻ ተጫዋቹን የመግዛት አማራጭ፣ አልፎ ተርፎም ግዴታ የሚጨመርበት ውልም አለ። ዴቪድ ራያ በ2023 ከብሬንትፎርድ ወደ አርሰናል የሄደው በዚህ መንገድ ነበር፤ አርሰናል ለውሰቱ 3 ሚሊዮን ፓውንድ ከፍሎ፣ በ27 ሚሊዮን ፓውንድ የመግዛት አማራጭ ያዘ፣ በቀጣዩ ዓመትም ገዛው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ በውሰት የተሰጠ ተጫዋች በእናት ክለቡ ላይ መሰለፍ አይችልም። ግብ ጠባቂው ዲን ሄንደርሰን ከማንቸስተር ዩናይትድ ተውሶት በነበረው ሼፊልድ ዩናይትድ ቋሚ ተሰላፊ ቢሆንም፣ ሁለቱ ቡድኖች በኅዳር 2019 ተገናኝተው 3 ለ 3 ሲለያዩ በግቡ ላይ የቆመው ሲሞን ሙር ነበር። በአውሮፓ መድረክ ግን እንዲህ ያለ ክልከላ የለም። ባርሴሎና ለባየርን ሙኒክ ያዋሰው ፊሊፔ ኩቲንዮ በነሐሴ 2020፣ ባየርን 8 ለ 2 ባሸነፈበት ጨዋታ፣ በገዛ ክለቡ ላይ ሁለት ግብ አስቆጥሯል፤ ያዋሱት መጥረቢያ የአዋሹን አጥር ሲቆርጥ ማለት ይህ ነው።

ውሰት በአንድ ተጫዋች ሕይወት ውስጥ ምን እንደሚሠራ ለማየት ግን ከሃሪ ኬን የተሻለ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል። በ1993 በለንደን ዋልተምስቶው የተወለደው ኬን በልጅነቱ ከአርሰናል የታዳጊዎች ቡድን ተሰናብቶ፣ በኋላ ወደ ቶተንሃም የገባ አጥቂ ነው። በዋናው ቡድን ቦታውን ከማጽናቱ በፊት አራት ጊዜ በውሰት ተሰጥቷል።

የመጀመሪያው በጥር 2011 ነበር። ገና የ17 ዓመት ልጅ ሳለ በሦስተኛው እርከን ወደሚጫወተው፣ ከትውልድ ሰፈሩም ብዙ ወደማይርቀው ሌይተን ኦሪየንት ሄዶ በ18 ጨዋታ 5 ግብ አስቆጠረ። ከእኩዮቹ ጋር በሚደረግ የታዳጊዎች ጨዋታ ተከላካይ ቢሳሳት የሚጎዳው ውጤት ብቻ ነው፤ በዚያ እርከን ግን የተከላካዩ የቤት ኪራይ ከውጤቱ ጋር የተያያዘ ስለሆነ ልጅ ነው ብሎ የሚምር የለም። ቀጣዩ ደግሞ የባሰ ነበር፤ በ2012 መጀመሪያ ከሁለተኛው እርከን ላለመውረድ ይታገል ወደነበረው ሚልዎል ተላከ። የሚልዎል ሜዳ ለእንግዳ ቡድን ብቻ ሳይሆን ለራሱ ተጫዋችም የማይመች፣ ደጋፊው ትዕግሥት የሌለው ነው ይባላል። ኬን እዚያ በሁሉም ውድድሮች በ27 ጨዋታ 9 ግብ አግብቶ፣ ክለቡም ከመውረድ ተርፎ፣ የክለቡ የዓመቱ ወጣት ተጫዋች ተባለ። በእኔ ግምት ከአራቱ ጉዞዎች ሁሉ ትልቁን ሥራ የሠራው ይኸኛው ነው፤ ምክንያቱም ግቡ ቁጥር መሙያ መሆኑ ቀርቶ የሰዎችን እንጀራ የሚወስን የሆነበት የመጀመሪያው ቦታ እርሱ ነበር።

ሦስተኛውና አራተኛው ግን አልሰመሩም። በ2012/13 የውድድር ዘመን መጀመሪያ በፕሪሚየር ሊጉ ወደነበረው ኖርዊች ሲቲ ሄደ፤ ከዌስት ሃም ጋር በተደረገው የመጀመሪያ ጨዋታው ግልጽ የግብ ዕድል አመለጠው፤ ብዙም ሳይቆይ በሊግ ካፕ ጨዋታ የእግሩ አጥንት ተሰበረ። በ5 ጨዋታ አንድም ግብ ሳያስቆጥር፣ በየካቲት 1 ቀን 2013 ቶተንሃም መልሶ ጠራው። ሦስት ሳምንት ሳይሞላም ለሌስተር ሲቲ ተዋሰ። የዝውውር መስኮቱ፣ ማለትም ክለቦች ተጫዋች እንዲያዛውሩ የሚፈቀድበት ጊዜ፣ ተዘግቶ ሳለ ይህ ሊሆን የቻለው በዚያ ዘመን ከፕሪሚየር ሊጉ በታች ያሉ ክለቦች ከመስኮቱ ውጭ ለአጭር ጊዜ ተጫዋች እንዲዋሱ ይፈቀድላቸው ስለነበር ነው፤ ያ በር ዛሬ ተዘግቷል። በሌስተር በ15 ጨዋታ 2 ግብ ብቻ አስቆጠረ። ክለቡ ወደ ላይኛው እርከን ለማደግ ከዋትፎርድ ጋር ባደረገው የግንቦት 2013 ግጥሚያ፣ በባከነው ሰዓት ጭማሪ የሌስተር ፍጹም ቅጣት ምት ከሸፈና ኳሱ ወደ ሌላኛው ጫፍ ተወስዶ የዋትፎርዱ ትሮይ ዲኒ አገባው፤ ሌስተር ከማደግ ቀረ።

አራቱን ደምረን ብናያቸው 65 ጨዋታና 16 ግብ ነው። በዚህ ቁጥር ብቻ ተመርቶ፣ ይህ ወጣት አንድ ቀን የእንግሊዝ ብሔራዊ ቡድንም የቶተንሃምም የምንጊዜም ከፍተኛ ግብ አስቆጣሪ ይሆናል ብሎ የሚወራረድ ሰው አይገኝም ነበር። ስለዚህም አንድ ውሰት ተሳካ ወይም አልተሳካም ለማለት ግብ መቁጠር አይበቃም። ዋናው ጥያቄ ተጫዋቹ በየሳምንቱ ሜዳ ገብቷል ወይ፣ የገባበትስ ጨዋታ ለክለቡ የሞት ሽረት ነበር ወይ የሚለው ነው። ኬን በኖርዊችና በሌስተር በአመዛኙ ያጣው ይህን ነበር። ግብ ጠባቂው ጆርዳን ፒክፎርድ ደግሞ ሰንደርላንድ ከዳርሊንግተን ጀምሮ እስከ ፕሪስተን ኖርዝ ኤንድ ድረስ ለስድስት ክለቦች ሲያውሰው፣ ደረጃ በደረጃ ወደ ላይ እየወጣ ግብ ላይ መቆምን አላቋረጠም፤ በ2017 ኤቨርተን ሲገዛው ገና 23 ዓመቱ ነበር።

ሥርዓቱ ግን ሁልጊዜ ለተጫዋቹ ሲባል አይሠራበትም። ቼልሲ በአንድ ወቅት ወደ 40 የሚጠጉ ተጫዋቾችን በአንድ ጊዜ በውሰት አሰማርቶ ነበር። ከእነዚህ ብዙዎቹ ለዋናው ቡድን ይደርሳሉ ተብለው ሳይሆን ዋጋቸው ሲጨምር እንዲሸጡ የተያዙ ነበሩ፤ ይህ ከማዋስ ይልቅ ዕቃ አከራይቶ ከመነገድ ጋር ይቀራረባል። ፊፋ ከሐምሌ 2022 ጀምሮ ዓለም አቀፍ ውሰትን የሚገድብ ደንብ ያወጣው በዚህ ምክንያት ነው። አንድ ክለብ ሊሰጥም ሆነ ሊቀበል የሚችለው መጀመሪያ 8፣ ቀጥሎ 7፣ ከሐምሌ 2024 ወዲህ ደግሞ 6 ተጫዋች ብቻ ነው። አንድ ውሰት ከአንድ ዓመት አይበልጥም፤ የተዋሰ ክለብም ተጫዋቹን ለሦስተኛ ክለብ ማዋስ አይችልም። ክለቡ ራሱ ያሳደጋቸውና ዕድሜያቸው ከ21 ያልበለጠ ተጫዋቾች ግን በቁጥሩ አይገቡም፤ ስለዚህ በኬን መንገድ የሚሄድ ወጣትን የቁጥር ገደቡ አይነካውም።

ኬን ከሌስተር ከተመለሰ በኋላ ቶተንሃም ዳግመኛ አላዋሰውም። በ2013/14 አብዛኛውን ጊዜ ተጠባባቂ ወንበር ላይ አሳለፈ፤ በሚያዝያ 2014 አሰልጣኙ ቲም ሸርውድ በሊጉ ከሰንደርላንድ ጋር በመጀመሪያው አሰላለፍ አስገባው፣ ቶተንሃም 5 ለ 1 ሲያሸንፍም አንዱን ግብ እርሱ አስቆጠረ። በቀጣዩ ዘመን በሊጉ ብቻ 21 ግብ አገባ።