ክሬዲት ምንድን ነው? የኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ተማሪ ቀድሞ ሊያውቀው የሚገባ ቃል

አሜሪካ የገባ ሰው «ክሬዲት» የምትለዋን ቃል መጀመሪያ የሚሰማት ኮሌጅ ውስጥ አይደለም። ቤት ሊከራይ ሲሄድ ነው። «ክሬዲትህ እንዴት ነው?» ይሉታል፤ የብድር አከፋፈል ታሪክህ ማለታቸው ነው። መኪና ሊገዛ ሲሄድም ይህችው ጥያቄ ትጠብቀዋለች። ታዲያ ይኸው ሰው ከርሞ የሁለት ዓመት ዲግሪ የሚሰጠው ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ሊመዘገብ ሲሄድ «ስንት ክሬዲት ትወስዳለህ?» ቢባል ምን ይበል? አንድ የማውቀው ሰው «ብድር አልፈልግም፣ በካሽ ነው የምከፍለው» ብሎ መልሷል። አልፈርድበትም።

የኮሌጁ ክሬዲት ብድር ሳይሆን መስፈሪያ ነው። ጤፍ በኪሎ፣ ጨርቅ በሜትር እንደሚለካ ሁሉ አሜሪካ ውስጥ ትምህርት የሚለካው በክሬዲት ነው። አንድ ኮርስ በአብዛኛው 3 ክሬዲት ይይዛል። ላብራቶሪ ያላቸው እንደ ኬሚስትሪና ባዮሎጂ ያሉት ብዙ ጊዜ 4 ናቸው። አሶሺየት የሚባለው የሁለት ዓመት ዲግሪ 60 ክሬዲት ገደማ ይፈልጋል። የአራት ዓመቱ ባችለር 120 ገደማ።

አገር ቤት ዩኒቨርሲቲ የቆየ ሰው «ክሬዲት አወር» ለጆሮው አዲስ አይደለም። እዚህ የሚያስቸግረው ይህች አንዲት ቃል የማትገባበት ጉዳይ አለመኖሩ ነው። ክፍያ የሚሰላው በክሬዲት ነው። የመንግሥት እርዳታ የሚለካው በክሬዲት ነው። በተማሪ ቪዛ የመጣ ሰው ሕጋዊነቱ የሚጠበቀው በክሬዲት ነው። እሷን በደንብ ያወቀ ሰው የሬጅስትራሩን ቋንቋ ግማሹን አወቀ ማለት ይቻላል።

አንድ ክሬዲት ውስጡ ምን አለ? ጊዜ ነው ያለው። በፌዴራል መንግሥቱ ትርጉም አንድ ክሬዲት ማለት በሳምንት አንድ ሰዓት ክፍል ውስጥ፣ ቢያንስ ሁለት ሰዓት ደግሞ ከክፍል ውጭ የሚሠራ ሥራ ነው፤ ለ15 ሳምንት ገደማ። ሂሳቡን እንሥራው። ባለ 3 ክሬዲት ኮርስ በሳምንት 9 ሰዓት ይወስዳል። እንዲህ ያሉ አራት ኮርሶች 36 ሰዓት። አዲስ ተማሪ የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ፕሮግራሙ ላይ ማክሰኞና ሐሙስ አንድ ሰዓት ተኩል፣ አንድ ሰዓት ተኩል ብቻ ያያል። «ይህማ ምን አላት» ብሎ አራት ኮርስ ይጭናል። ቀን ሥራ፣ ማታ ኡበር፣ ቅዳሜና እሁድ ደግሞ ነርሲንግ ሆም ደብል ሺፍት አለበት። ስድስተኛው ሳምንት ላይ መንገዳገድ ይጀምራል።

ይህ ሰዓት ቆጠራ ከየት መጣ ብትሉ፣ ከጡረታ። የምሬን ነው። የብረት ቱጃሩ አንድሩ ካርኔጊ እ.ኤ.አ. በ1905 ለኮሌጅ መምህራን ጡረታ የሚሆን 10 ሚሊዮን ዶላር መድቦ አንድ ድርጅት አቋቋመ። ድርጅቱ ገንዘቡን ከመስጠቱ በፊት ግን ኮሌጅ የሚባለው የትኛው እንደሆነ መወሰን ነበረበት። ያኔ ራሱን ኮሌጅ ብሎ የሚጠራው ብዙ ነበርና። ስለዚህ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርትን በሰዓት ቆጠሩት። በቂ ሰዓት የተማረ ተማሪ ብቻ የሚቀበለውን ተቋም ኮሌጅ ነው አሉ። ጡረታውን የፈለገ ሁሉ ቆጠራውን ተቀበለ፤ ቆጠራውም ቀስ በቀስ ወደ ኮሌጁ ክፍል ዘለቀ። እኛም ከመቶ ዓመት በላይ ቆይተን ለመምህራን ጡረታ ተብሎ በተጀመረ መስፈሪያ እንሰፈራለን።

ወደ ዛሬው እንመለስ። «ፉል ታይም» የሚባለው ተማሪ በሴሚስተር 12 ክሬዲትና ከዚያ በላይ የሚወስድ ነው። ሰው ፉል ታይም ከሆንኩ በሁለት ዓመት እጨርሳለሁ ብሎ ያስባል። 12 በአራት ሴሚስተር ሲባዛ 48 ነው። ለ60 ደግሞ 12 ይጎድላል፤ አንድ ሙሉ ሴሚስተር! በሁለት ዓመት ለመጨረስ በሴሚስተር 15 መውሰድ፣ ወይም ክረምት ላይ መሙላት ያስፈልጋል። ይህን ነገር ምዝገባው ቀን የሚነግራችሁ ሰው ካገኛችሁ ዕድለኛ ናችሁ።

አሁን ዋናውን ላምጣ። ክሬዲት ስሙ አንድ ይሁን እንጂ ዓይነቱ አንድ አይደለም። የከፈላችሁበት ክሬዲት አለ። የሞከራችሁት አለ። ያገኛችሁት አለ። ለዲግሪያችሁ የሚቆጠረው ደግሞ ሌላ ነው። አንድ ኮርስ በሰላም ሲያልቅ አራቱም ብዙ ጊዜ እኩል ስለሚሆኑ ልዩነቱ አይታይም። የሚታየው ነገር ሲበላሽ ነው።

የእኔን ጉድ ልንገራችሁ። በመጀመሪያው ሴሚስተሬ የሥራ ሺፍቴ ተቀየረ። የታሪክ ክፍሉ ሰዓት ከሥራዬ ጋር ተጋጨ። እኔም መሄድ ተውኩ። ለማንም ምንም አልተናገርኩም። ካልሄድኩ ስሜን ራሳቸው ይሰርዙታል ብዬ ነበር። ሴሚስተሩ ሲያልቅ ትራንስክሪፕቴ ላይ ኤፍ ተገትሮ አገኘሁት። የከፈልኩበት 3 ክሬዲት፣ የሞከርኩት 3፣ ያገኘሁት ዜሮ። መጥፋት ኮርስ አያሰርዝም።

መሰረዣው መንገድ ሁለት ነው። ሴሚስተሩ እንደተከፈተ ባሉት የመጀመሪያ ቀናት ኮርሱን «ድሮፕ» ማድረግ ይቻላል። ያኔ ገንዘቡ ይመለሳል፣ ትራንስክሪፕት ላይም ምንም አይጻፍም። ቀኑ የሚያልፈው ግን በፍጥነት ነው፤ የኮሌጁን ካላንደር አይታችሁ ስልካችሁ ላይ አላርም ሙሉ። ከዚያ በኋላ ያለው «ዊዝድሮው» ነው። ትራንስክሪፕት ላይ ደብሊው ይጻፋል። ገንዘቡ በአብዛኛው አይመለስም። ጂፒኤ አይነካም፤ ስለዚህ ብዙ ተማሪ ደብሊው ምንም ጉዳት የለውም ይላል። አለው።

ፋፍሳ የሚባለውን የእርዳታ ማመልከቻ ሞልቶ የመንግሥት እርዳታ የሚያገኝ ተማሪ ላይ ኮሌጁ «ሳፕ» የሚባል ቁጥጥር ያደርጋል። ትምህርቱ በደህና እየሄደ ነው ወይ የሚል ቁጥጥር ነው። ጂፒኤ ብቻ አይታይም። ከሞከራችሁት ክሬዲት ውስጥ ስንቱን አገኛችሁ ይባላል፤ በአብዛኛው ሁለት ሦስተኛው ይጠበቃል። ደብሊው የተሞከረ ነው፣ ግን አልተገኘም። 12 ክሬዲት ጀምሮ ሁለት ኮርስ ያቋረጠ ሰው ግማሹን ብቻ አገኘ። የቀሩትን ሁለቱን ኤ ቢያመጣ እንኳ ማስጠንቀቂያ ይደርሰዋል። ጣሪያም አለው። ዲግሪው ከሚጠይቀው ክሬዲት አንድ ተኩል እጥፍ ድረስ ብቻ ነው እርዳታ የሚፈቀደው፤ ለ60 ክሬዲት ዲግሪ 90 የተሞከረ ክሬዲት ማለት ነው። ሜጀር (ዋና የትምህርት ዘርፍ) እየቀያየሩ ኮርስ የሚሰበስቡ ሰዎች ጣሪያው ጋ የሚደርሱት ሳያስቡት ነው።

ከዚህ የሚከፋው ሁሉንም ኮርስ አቋርጦ መውጣት ነው። ከሴሚስተሩ 60 በመቶ ሳይሞላ፣ ማለትም ዘጠነኛው ሳምንት ገደማ ሳይደርስ፣ ጠቅልሎ የወጣ ሰው ከእርዳታው የተወሰነው ወደ መንግሥት ይመለሳል። ኮሌጁ ገንዘቡን ይመልስና ለተማሪው ቢል ይልክለታል። ዕዳው ካልተከፈለ ብዙ ቦታ ቀጣይ ምዝገባ ይታገዳል። ክሬዲትን ብድር ያደረገው ሰውዬ እዚህ ጋ ብዙም አልተሳሳተም።

እርዳታው ራሱም የሚሰፈረው በክሬዲት ነው። ፔል ግራንት የሚባለው የማይመለስ የፌዴራል እርዳታ ለ2025–26 የትምህርት ዓመት ከፍተኛው 7,395 ዶላር ነው። ሙሉው የሚሰጠው 12 ክሬዲትና ከዚያ በላይ ለሚወስድ ነው። 9 ለሚወስድ 75 በመቶው ይሰጠዋል። እዚህ ላይ ረቂቅ ነገር አለ። የሚቆጠሩት ለተመዘገባችሁበት ፕሮግራም የሚያስፈልጉ ኮርሶች ናቸው። አካውንቲንግ እያጠናችሁ ከፕሮግራሙ ውጭ ለደስታ ፎቶግራፍ ብትወስዱ፣ ያቺ 3 ክሬዲት ለክፍያ ስትቆጠር ለእርዳታ ላትቆጠር ትችላለች።

የእኛን ሰው በብዛት የሚያጋጥመው ግን ሌላ ነው፤ ኢኤስኤል (እንግሊዝኛ አፍ መፍቻቸው ላልሆነ የሚሰጥ የእንግሊዝኛ ትምህርት) እና መሠረታዊ ሂሳብ። ኮሌጁ ሲያስገባችሁ የእንግሊዝኛና የሂሳብ ደረጃችሁን ይለካል። ዝቅ ካለ ከዋናው ኮርስ በፊት ማጠናከሪያ ውሰዱ ሊላችሁ ይችላል። ማጠናከሪያው ክሬዲት አለው፤ ትከፍሉበታላችሁ፣ ትፈተናላችሁ፣ ሸክምም ነው። ብዙ ጊዜ ግን ለዲግሪ አይቆጠርም። ሁለት ሴሚስተር ሙሉ ተምሮ «ስንት ክሬዲት አለህ?» ሲባል «24» የሚል፣ ወረቀቱ ላይ ግን 6 ብቻ የሚቆጠርለት ሰው አለ። ይህ ማለት ኢኤስኤል ከንቱ ነው ማለት አይደለም። እንግሊዝኛው ሳይጠነክር ሳይኮሎጂ ገብቶ ኤፍ ከመብላት በብዙ ይሻላል። ቢሆንም የምዝገባው ቀን ማወቅና ከዓመት በኋላ ማወቅ አንድ አይደለም። አንዳንድ ኮሌጆች ይህንኑ እንግሊዝኛ ክሬዲት በሌለው ክፍል በርካሽ ያስተምራሉ። ጠይቁ።

የጂፒኤን ነገር በአጭሩ ልለፈው። ክሬዲት ለውጤት ክብደት ነው። ባለ 4 ክሬዲት ባዮሎጂ ሲ፣ ባለ 1 ክሬዲት ኮርስ ደግሞ ኤ ብታመጡ አማካዩ 3.0 አይደለም። 4 በ2፣ ሲደመር 1 በ4፤ 12 ለ5 ሲካፈል 2.4 ነው። ትልቁ ኮርስ ይጎትታል።

ስለ ዝውውር ግን ትንሽ ልቆይ። ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ የሚገባው አብዛኛው ሰው ሐሳቡ ርካሹን ሁለት ዓመት እዚያ ጨርሶ ወደ ዩኒቨርሲቲ መሻገር ነው። ብልህ ሐሳብ ነው። ርካሽነቱ ግን በምትኖሩበት ቦታ ይወሰናል፤ ሜሪላንድ ላይ ክፍያው ካውንቲው ውስጥ ለሚኖር፣ ከካውንቲው ውጭ ላለ የስቴቱ ነዋሪ እና ከስቴቱ ውጭ ለመጣ የተለያየ ነው። የሞንጎመሪ ካውንቲ ነዋሪ ሞንጎመሪ ኮሌጅ ሲማር አነስተኛውን ይከፍላል። ቨርጂኒያ ደግሞ የነዋሪነት ዋጋ ለማግኘት በአብዛኛው ቢያንስ አንድ ዓመት መኖር ይጠይቃል። ስትሻገሩ ዩኒቨርሲቲው ክሬዲቱን ያያል እንጂ ጂፒኤውን ብዙ ጊዜ ይዞ አይቀጥልም፤ እዚያ አዲስ ይጀመራል። ከሲ በታች ያለ ኮርስም በአብዛኛው አይሻገርም።

ዋናው ጥያቄ ግን ኮርሱ ተሻገረ ወይ የሚለው አይደለም። «ምን ሆኖ ተሻገረ?» ነው። 60ውም ክሬዲት ተቀባይነት ሊያገኝ ይችላል፤ ሆኖም ግማሹ «ኢሌክቲቭ» (የምርጫ ኮርስ) ተብሎ ይመዘገብና ለሜጀሩ የሚያስፈልጉት ኮርሶች እንዳሉ ይቀራሉ። ይህን ለመከላከል ስምምነት ያላቸው ተቋማት አሉ። ኖቫ የሚባለው የሰሜን ቨርጂኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ከጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ ጋር እ.ኤ.አ. በ2018 የጀመረው አድቫንስ የሚባል ፕሮግራም አለ፤ ተማሪው ከመጀመሪያው ቀን የትኛው ኮርስ የት እንደሚያደርሰው ያያል። ነርሲንግ የምታስቡ ደግሞ አንድ ነገር ልብ በሉ። አንዳንድ ፕሮግራሞች እንደ አናቶሚ ያሉ ቅድመ ኮርሶች ከተወሰዱ ዓመታት ካለፉ አይቀበሉም። ክሬዲት ያረጃል።

አገር ቤት ተምራችሁ የመጣችሁስ? ትራንስክሪፕታችሁን ኮርስ በኮርስ አስገምግሙ። አጠቃላይ ግምገማው «ይህ ዲግሪ ነው» ብቻ ይላል፤ ኮሌጁ የሚፈልገው እያንዳንዱ ኮርስ ስንት ክሬዲት እንደሆነ ነው። ከተቻለ የኮርሶቹን መግለጫ ወይም ሲላበስ ከዩኒቨርሲቲው አስልኩ፤ የሒሳብ ኮርሳችሁ ካልኩለስ መሆኑን የሚያስረዳላችሁ እሱ ነው። ባለፉት ዓመታት አገር ቤት ብዙ ፕሮግራሞች በአውሮፓው አቆጣጠር፣ ኢሲቲኤስ በሚባለው፣ ነበር የሚሰጡት። በዚያ አቆጣጠር የአንድ ዓመት ትምህርት 60 ነው፣ በአሜሪካው ደግሞ 30። ስለዚህ 180 ይዛችሁ ሄዳችሁ 90 ገደማ ተብሎ ቢጻፍላችሁ «ግማሹን በሉት» ብላችሁ አትጣሉ። መስፈሪያው ነው የተለየው።